ሰው ያለበት ባዶ ክፍል

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽልን? ወገብሽስ እንዴት ሆነ? ቆመሽ መዋሉን ቀነስሽ ወይስ ዛሬም እንደዚያው ነሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርሷ ወለቀ ብለሽን ነበር፤ አዲሱ ወጣላት? እኛ ከጎደለብን ሰው በቀር ደህና ነን። እማዬ መብላት ጀምራለች። ዛሬ እንዲያውም ወጡ ላይ ጨው አበዛህ ብላ ተቆጣችኝ፤ ስትቆጣ ደስ አለኝ። እኔም ትምህርቴን አላቋረጥኩም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ ልጁ ትምህርቱን ጣለ ብለሽ እንዳትደነግጪ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በስልክ ሲሆን እኔ እናደዳለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እማዬ መሃል ገብታ ሁለታችንንም ታባብላለች፤ ዋናው ነገር ሳይነሣ እንለያያለን። ስለዚህ ተቀምጬ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

ወንድማችንን ጋሼን በቀበርን በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ እንደነበር እማዬ ነግራሻለች። ጋሼ «ማኅተሙ» እያለ የሚቀልድበት ሰውዬ ነው። ተቀምጦ ብዙ አመሰገነ። ቤት የሌላቸውን ሰዎች መርዳት በልብ እንጂ በወረቀት የሚሠራ ሥራ አይደለም፣ ጋሼም የልብ ሰው ነበር አለ። እማዬ መረቀችው። ሲወጣ በር ላይ ትከሻዬን ይዞ ጋሼ ይጽፍበት የነበረውን ደብተር ለመሥሪያ ቤቱ እንድሰጥ በትሕትና ጠየቀኝ። ሰጠሁት። እታለም፣ አንድ ገጽ እንኳ ሳልገልጥ ነው የሰጠሁት። ንብረታቸው መስሎኝ ነበር።

በልብ የሚሠራ ሥራ ይበለኝ! ስድስት ዓመት ሙሉ ውሉ በየሦስት ወሩ የሚታደስ ጊዜያዊ ሠራተኛ አድርገው ሲያቆዩት ልቡ አልታያቸውም። ቋሚው መደብ ሲወጣ ዲግሪ የለህም አሉትና ዲግሪ ያላትን ልጅ ቀጠሩ፤ ሥራውን ግን አንተ አስተምራት አሉት። አስተማራት። ሳሉ ሲብስበት ደግሞ ጊዜያዊ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ የለውም ተባለ፤ እያሳለ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ከረመ። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

ባለፈው ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ ያቺ ባለዲግሪ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ቀና ብላ ልታየኝ አፈረች። እንደነገረችኝ፣ ደብተሩን በወሰዱ በሳምንቱ በጋሼ ስም የነበሩትን መዝገቦች በሙሉ «ተጠናቋል» ብለው ዘግተዋቸዋል። ደብተሩ ውስጥ ቁልፍ ለማን መቼ እንደተሰጠ ተጽፏል፤ እነሱ የፈለጉት ቀኑን ብቻ ነው። ቁልፍ ከተሰጠ ሥራው አለቀ። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ክፍላቸውን ሊነጠቁ ነው አለችኝ።

ልብስ ሰፊው ዘጠኝ ዓመት በተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ያደሩ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ አንድ ዓመት ሙሉ ተመላልሶ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል አስገባቸው። ጋሼ ሁልጊዜ የሚለኝ፣ ሰው ቁልፍ ያዘ ማለት ቤት ገባ ማለት አይደለም ነበር። አብዛኞቹ በመጀመሪያው ወር አልጋው እያለ መሬት ላይ፣ በሩ ሥር፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ይተኛሉ። ስለዚህ ሊጠይቃቸው ሲሄድ ገና ከመግባቱ ውሃ ስጡኝ ይላቸዋል፤ ውሃ የሚያቀርብ ሰው እንግዳነቱን ይረሳል። ልብስ ሰፊው ደግሞ በር ሲንኳኳ አይከፍቱም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቡጢ የሚያንኳኳ ሰው የመጣባቸው ሊያባርራቸው ብቻ ነው። ጋሼ ይህን ስለሚያውቅ በራቸውን አንኳኩቶ አያውቅም። ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ፣ «አባባ፣ ዛሬ ደግሞ አንድ ፎቅ ጨመሩበት እንዴ?» እያለ ይወጣል፤ እሳቸውም እየሳቁ ይከፍቱለታል። ይህ ሁሉ ደብተሩ ላይ ተጽፏል፤ ባለዲግሪዋ አንብባዋለች።

ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ነዋሪው መኖሩን እንዲያጣሩ ሁለት ሰው ላኩ። ሰዎቹ በሦስት የተለያየ ቀን ሄደው በቡጢ ደበደቡ። የከፈተ የለም። «ነዋሪው ክፍሉን ለቋል» ብለው ጻፉ። ሽማግሌው እኮ ውስጥ ናቸው! ጫማቸውን አጥልቀው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ በሩ ሥር ተቀምጠዋል።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ሄድኩ። የጋሼን ኮት ለብሼ ነበር፤ ሌላ ኮት ስለሌለኝ ነው፣ ለሌላ አይምሰልሽ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ጋሼ የሚለውን አልኩ። በሩ ቶሎ ተከፈተ። ሽማግሌው አዩኝና ከኋላዬ ደረጃውን አዩ። እንደገና እኔን አዩ። ለካ ማንም አልነገራቸውም። ሁለት ወር ሙሉ ማንም። እዚያው በር ላይ ቆሜ እኔ ነገርኳቸው። «እኔኮ ተቀይሞኝ የቀረ መስሎኝ ነበር» አሉ። በመጨረሻ የመጣ ቀን በሳሉ ተቆጥተውት፣ ሐኪም ሳታይ እንዳትመጣብኝ ብለውት ኖሯል። ሁለት ወር ያንን ቃላቸውን ሲያላምጡ ነው የከረሙት። ከዚያ እጅጌዬን ያዝ አድርገው፣ «ይሄ ኮት ነው አንተን የለበሰህ» አሉኝ። ሳቅንም አለቀስንም፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

ረቡዕ ማኅተሙ ቢሮ ገባሁ። የደንብ ልብሴን ስላየ ከትምህርት ቤት ለጉብኝት የመጣሁ መስሎት ፈገግ አለ። ማንነቴን ስነግረው ሐዘኔ እንደሚገባው፣ ሥርዓት ግን ሥርዓት እንደሆነ አስረዳኝ።

«ሦስት ጊዜ ተንኳክቷል፣ ልጄ። ክፍሉ ባዶ ነው።»

«ትናንት ውስጥ ቁጭ ብዬ ውሃ ጠጥቻለሁ» አልኩት። «ያጠጣኝ ባዶው ነው?»

ጸሐፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስለ ደብተሩ ስጠይቀው የግል ማስታወሻ እንጂ ሰነድ አይደለም አለኝ። እታለም፣ መዝገብ ለመዝጋት ሲሆን ሰነድ ነው፣ ለመክፈት ሲሆን የግል ማስታወሻ ነው። እንዲህ ስለው እኔ ላይ መጮህ ስላልቻለ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። በመጨረሻ ያለው ይህ ነው፦ መዝገቡ እንደገና የሚከፈተው ዕድሜው ከአሥራ ስምንት በላይ የሆነ ተጠሪ በአካል ቀርቦ ከፈረመ ነው። ተጠሪያቸው ጋሼ ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተፈረመ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። እኔ አሥራ ሰባቴ ነው።

የሚፈረመውን ወረቀት ይዤ ወደ እማዬ ሮጥኩ። ወረቀቱን አነበበችው፣ አጣጥፋ ራስጌዋ አስቀመጠችው። ካንቺ ቃል ሳትሰማ ብዕር እንደማታነሣ ነገረችኝ። «ያ መሥሪያ ቤት አንዱን ልጅሽን በላብሽ፣ ሁለተኛው በአጠገቡ እንዳያልፍ» ያልሻት አንቺ ነሽ። ለእኔም ያ ሥራ ሥራ አይደለም፣ ምጽዋት ነው፣ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥህን ተማር ብለሽ ጽፈሽልኛል። በፍቅር እንዳልሽው አውቃለሁ። ግን ተናድጃለሁ፤ አንቺም ላይ ተናድጃለሁ። ምጽዋት ነው የምትይው አንቺና በልብ የሚሠራ ነው የሚለው ማኅተሙ የምትናገሩት አንድ ነገር ነው። ሁለታችሁም ሙያ አይደለም ነው የምትሉት። በር እንዴት እንደማይንኳኳ ማወቅ ሙያ ካልሆነ ሙያ ምንድን ነው? ጋሼን የገደለው ሥራው አይደለም። ሥራውን ሥራ ብለው ባለመቁጠራቸው ነው የሞተው።

እኔ የምማረውን መርጫለሁ፤ ሶሻል ወርክ ነው፣ የጋሼን ሥራ። ጋሼን የከለከሉበትን ወረቀት፣ ዲግሪውን፣ ይዤ በዚያው በር እገባለሁ። በዚህ ላይ መጣላት ካሻሽ ጊዜ አለን፤ ፈተናው ገና ነው፣ እስኪበቃሽ ትቆጪኛለሽ። የልብስ ሰፊው ነገር ግን ጊዜ የለውም። ለእማዬ ፈርሚ በያት። አንድ ቃል ናት። እንቢ ካልሽም መብትሽ ነው፤ እንቢታውን ግን ለእኔ አትላኪ። በእጅሽ ለሳቸው ጻፊላቸው፤ እኔ ከደረጃው ላይ ሆኜ አነብላቸዋለሁ።

ለባለቤትሽ ታላቅ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ የላከው ጫማ ልክ ሆኗል በይው። ትልቋን ለሒሳብ ውጤቷ፣ ትንሿን ለጥርሷ ሳሚልኝ። የባለቤትሽን እናት ጉልበታቸው ተሽሏቸው እንደሆነ እኔ ራሴ ጠይቄያለሁ በያቸው። እማዬ ሦስት ጊዜ ሰላም ብላሻለች፣ ሦስቱንም ጻፍ ብላኛለች። ልብስ ሰፊውም ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ስነግራቸው ሰላምታቸውን ልከዋል፦ «እህትህን አታስጨንቃት፤ እኔ በረንዳውን ለምጄዋለሁ በላት» ብለዋል። ይኸው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው