«አሮጌ ሰዋስው» እና የጎደለው ትእምርተ ጥቅስ

ለተከበሩ የቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ ከኮምፒውተሮችዎ የተሻለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በንባብ ክፍሉ መስኮት ሥር የምቀመጠው ጡረተኛ የሰዋስው መምህርት ነኝ። ሥራዎን እንዲያቀልልዎ የጻፉት ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱ በየሳምንቱ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተደረደሩበት ፋይል፣ ባለፈው ዓርብ የአሥራ አንድ ዓመት ድካሜን ጭምር ስላቀለለልኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

፩ኛ. ሁለት ፎልደሮች ነበሩኝ፤ «አሮጌ ሰዋስው» የተባለው ረቂቄ ሲሆን፣ «ሰዋስው» የተባለው ለማተሚያ ቤት ያዘጋጀሁት መጽሐፌ ነበር። እንዲጠፋልኝ የጠየቅሁት ረቂቁ ብቻ ነው። ስክሪፕትዎ ግን በስሙ መካከል ክፍት ቦታ ቢያይ ሁለት ስም መሰለውና፣ «አሮጌ»ን ፈልጎ ሲያጣ «ሰዋስው»ን ድራሹን አጠፋው። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሳለሁ «አሮጌ የሚባል አልተገኘም» ብሎ መጻፉን ግን እንደ አድናቆት ተቀብዬዋለሁ።

፪ኛ. አቤት ብል፣ «እማማ፣ ማሽን እኮ ነው፤ ምን ይደረግ!» አሉኝ። እኔም ከራስዎ መደርደሪያ መመሪያ ተውሼ ሦስት ቀን አነበብሁ። ስሙ በትእምርተ ጥቅስ ቢታቀፍ ኖሮ ማሽኑ እንደ አንድ ያነበው ነበር። ይህን ምልክት ለሦስተኛ ክፍል ልጆች አስተምር ነበር፤ እርስዎ የዚያን ዕለት ከትምህርት ቤት ቀርተው ኖሯል።

፫ኛ. መፍትሔ ብለው ግድግዳው ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ «ከእንግዲህየፋይልስምሳይለያይይጻፍ» ይላል። የእኔ መምህርት ቃላት የሚያጣብቅ ተማሪን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ያቆሙት ነበር። ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ስለሆነ እርስዎ ግማሽ መንገድ ሄደዋል።

የመጽሐፌ ቅጂ በመጠባበቂያው ዲስክ ላይ እንዳለ፣ ስክሪፕቱም በመጪው ዓርብ አዲስ ቅጂ ሲወስድ የቀድሞውን እንደሚደመስሰው ተረድቻለሁ። ስለዚህ እስከ ሐሙስ እንዲመልሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ስክሪፕትዎን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ አያይዣለሁ፤ ከአሥር ሁለት አግኝተዋል፣ አንዱ ወረቀቱ ንጹሕ ስለሆነ ነው።

እንዳትነጣጠል ራሷን በትእምርተ ጥቅስ ያቀፈች አክባሪዎ፣
«ጡረተኛ መምህርት»

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስክሪፕቱን ሳርም፣ ዓርብ ከሚጠፉት ፎልደሮች መካከል «የቀድሞ ኃላፊ» የሚል አየሁ። የእርስዎ ፎልደር ስም «ኃላፊ» ብቻ ነው። ስክሪፕቱ «የቀድሞ»ን ፈልጎ ያጣዋል፤ ቀጥሎ የሚያደርገውን የቤት ሥራ ሰጥቼዎታለሁ።