መጽሐፉን አልካዱም፦ የዶን ሰቬሪኖ ዲማንዳል የሕይወት ታሪክ

ዶን ሰቬሪኖ ዲማንዳል ከአባታቸው ከዶን ብራውሊዮ ዲማንዳልና ከእናታቸው ከዶኛ ፓውላ ካቲንዲግ ስፔን በምትገዛቸው ደሴቶቻችን፣ በባታንጋስ አውራጃ፣ ከሐይቁ በላይ ባለችው በሳንታ ሮሳሊያ ከተማ በኖቬምበር 1857 ተወለዱ። ራሳቸው ትልቅ ስለነበር አዋላጇ «ይሄ ልጅ ወይ ጳጳስ ነው ወይ ጣጣ ነው» አለች ይባላል። ጳጳስ አልሆኑም።

ፊደል የቆጠሩት ጎረቤታችን እትዬ ማርሴላ ጭን ላይ ተቀምጠው ነው። የተማሩበትም መጽሐፍ በጾሙ መጨረሻ ሳምንት በየቤቱ በዜማ የሚነበበው፣ ከዓለም መፈጠር የሚጀምረው የጌታ ሕማማት ነበር። እትዬ ማርሴላ ሲያነቡ ያለቅሳሉ፣ ሲያለቅሱ ያስላሉ፣ እያሳሉም አያቆሙም። ንባቡ አንዴ ከተጀመረ መጨረሻው ሳይደርስ አይቋረጥማ፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ከአፉ ይቀበለዋል።

ዶን ሰቬሪኖ ከዚያ ማኒላ ሄደው ላቲን ተማሩ። በ1880 ዶኛ ሬሜዲዮስ ማሊግን አገቡ። በዚያው ዓመት አባታቸው በስፔናውያን መነኮሳት ገዳም ርስት ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱትን መሬት ተነጥቀው በንዴት ሞቱ። ዶን ሰቬሪኖም በሚቀጥለው ዓመት ሕግ ሊማሩ ወደ ስፔን ተሳፈሩ። አንዲት ልጃቸው ሲክስታ የተወለደችው እሳቸው ቀይ ባሕር ላይ በሙቀት ሲቀቀሉ ነው።

በማድሪድ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተሏቸው ነበር፤ እሳቸው ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ይነሱላቸዋል። ከቤት የተላከላቸውን የደረቀ ዓሣ ምድጃ ላይ ቢጠብሱ ደግሞ የቤቱ ባለቤት «ሰው ሞቶ ነው እንዴ የሸተተው?» ብላ ከነሻንጣቸው አስወጣቻቸው። ዓሣዋን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጨረሷት። ከማድሪድ ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ወደ ብራስልስ ሲዞሩ በየጋዜጣው ጻፉ። የጠየቁት ትምህርት ቤት እንዲከፈት፣ አራሽ ያለ ፍርድ ከመሬቱ እንዳይነቀል፣ ደሴቶቻችንም በስፔን ምክር ቤት ሰው እንዲኖራቸው ነበር። ይቺን ነው እንግዲህ ዓመፅ ያሏት።

በ1888 በብራስልስ «የሐይቁ ማዶ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። መጽሐፉ ተከለከለ፤ በጨርቅ ጥቅል ተደብቆም ወደ አገራችን ገባ። በመጽሐፉ የተናደዱት መነኮሳቱ ብቻ አልነበሩም። በውስጡ አንዲት የምታስል ሴትዮ አለች፤ በጥንት ዘመን ለሞተው እያነበበች ታለቅሳለች፣ ጎረቤቷ ከመሬቱ ሲጎተት ግን ዞር ብላ አታይም። ከተማው ሁሉ ማን እንደሆነች አወቀ። ስፓኝኛ ለማያውቁት ለእትዬ ማርሴላም የሚተረጉምላቸው ደግ ሰው አልጠፋም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዶኛ ፓውላ ቤት የዶን ሰቬሪኖ ስም ሲነሳ እትዬ ማርሴላ ተነስተው ይወጡ ነበር።

በ1890 ወዳጆቻቸው ሆንግ ኮንግ ላይ «አትግባ፣ ይበሉሃል» ብለው ለመኗቸው። «እዚህ ሆኜ ብጮህ የሚሰማኝ ዓሣ ነው» ብለው ተሳፈሩ። የደብራችን አባ ደግሞ ማንም ቤቱ እንዳያስገባቸው አስቀድመው በመስበኪያው ላይ አውጀው ነበር።

የደረሱት በሕማማቱ ረቡዕ ነው። በእናታቸው ቤት ንባቡ ተጀምሮ ነበር። ረጅም ባርኔጣቸውን አድርገው ደረጃውን ሲወጡ ተረኛው አንባቢ በጓሮ በር ሮጠ። ያነቡ የነበሩት እትዬ ማርሴላ ድምፃቸው ተዘጋ፤ የሚቀበላቸውም ጠፋ። ዶን ሰቬሪኖ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገባቸው ተቀመጡና ስንኙን ከቆመበት አነሱት።

«ዜማው እንደሱ አይደለም» አሉ እትዬ ማርሴላ፣ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሱ። «አውሮፓ ጉሮሮህንም ቀየረችው?»

«ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት እትዬ።»

«ያስተማርኩህን አይቼዋለሁ። አንብብ።»

ሲክስታ አባቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው የዚያን ቀን ነው። «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ብትል እናቷ «ዝም በይ፣ አባትሽ ናቸው» አሏት።

ወዲያው የከተማው ዘቦች ሃምሳ አለቃ ከሰዎቹ ጋር መጣ። የአባ መልእክት ይህ ነበር፦ ዶን ሰቬሪኖ ዓርብ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመው መጽሐፉን ከካዱ ቤታቸው ያድራሉ፤ ካልካዱ ዛሬውኑ ወደ ደቡብ ደሴቶች በግዞት ይሄዳሉ። ሃምሳ አለቃው ግን ንባቡን ሲሰማ ቆቡን አወለቀ። እናቱም አንባቢ ነበሩ።

«ይጨርሱ» አለ። «ሲያልቅ መልሱን እቀበላለሁ።»

ይህን ጊዜ ያ ሁሉ በእትዬ ማርሴላ ነገር ያኮረፈ ጎረቤት አንድ በአንድ ወደ ቤቱ መግባት ጀመረ። አንባቢ በዛ። ዜማው ደግሞ ተጎተተ፤ አንዱን ቃል እንደ ገመድ ይስቡታል። ዘቦቹ የዝንጅብል ሻይ ቀርቦላቸው ደረጃው ሥር ያዛጋሉ። ጴጥሮስ ጌታን ሲክድ የሚለው ላይ ሲደረስ እትዬ ማርሴላ መጽሐፉን ወደ ዶን ሰቬሪኖ ገፉት። «ይቺን አንተ አንብባት» አሉ። ዶን ሰቬሪኖ አንድ ስንኝ ሳይዘሉ አነበቧት።

የቱንም ያህል ቢጎተት መጽሐፍ ያልቃል። ሲያልቅ ሃምሳ አለቃው ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እሺ ዶን ሰቬሪኖ፣ መጽሐፉ የእርስዎ ነው አይደለም?»

«የኔ ነው» አሉ። «ስሕተቱ ስለ እትዬ ማርሴላ የጻፍኩት ነው። የቀረው ሁሉ እንደተጻፈ ይቁም።»

እትዬ ማርሴላ ለአንባቢዎቹ ከቀረበው ማዕድ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አነሱና የዶን ሰቬሪኖ ኪስ ውስጥ ከተቱ። ዶን ሰቬሪኖም ተወሰዱ። በዚያው ሳምንት መነኮሳይያቱ ሲክስታን ከትምህርት ቤት አባረሯት፤ ይህን የጻፈችው እሷ ናትና ሆሄው ቢጣመም ጥፋቱ የእነሱ ነው።

በግዞት ሳሉ የዓሣ አጥማጅ ልጆችን ፊደል አስተማሩ። እዚያው ሳንባቸው ታመመ። ሊሞቱ ነው ተብሎ በዚህ ዓመት ወደ ቤት ተለቀቁ፤ በጁን 9 ቀን 1895 በእናታቸው፣ በባለቤታቸውና በልጃቸው መካከል ዐረፉ።

ትናንት አባ ወደ ዶኛ ፓውላ ልከው ነበር። «ልጅሽ በሃምሳ አለቃው ፊት ‹ስሕተት› ብሏል። ይህ በሕይወት ታሪኩ ይጻፍ፤ ደወል ይደወልለታል፣ ከአባቱም አጠገብ ይቀበራል» አሉ። ዶኛ ፓውላ አለቀሱ፤ እሳቸውም አንድ ቀን እዚያው ሊቀበሩ ነው የሚያስቡት። እትዬ ማርሴላ ግን መልእክተኛውን «ስሕተት ያለው የኔን ነው። የኔን ይቅርታ ለማንም አላውስም» ብለው መለሱት። ዶኛ ፓውላ ዓይናቸውን ጠርገው «እንደነበረው ጻፊው» አሉ። እንደነበረው ተጽፏል።

ስለዚህ ዛሬ ደወል አልሰማችሁም፤ የምንቀብራቸውም በቤታቸው የብርቱካን ዛፎች ሥር ነው። እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ በደም ባይሆንም እትዬ ማርሴላ ከኋላ ቀርተዋል። ነፍሳቸውን መሬት የማይነጠቅበት አገር ያሳርፍልን።

በሩ ላይ የቆመው ያው ሃምሳ አለቃ ነው። የለቅሶው ንባብ ሲያልቅ ሕዝቡን እንዲበትን፣ ይህን ወረቀትም ከያዘው ሰው ሁሉ እንዲቀማ ታዟል። ቆቡን ግን አውልቋል። እትዬ ማርሴላ መጽሐፉን ገልጠው ተቀምጠዋል፤ ከዓለም መፈጠር ነው የምጀምረው ብለዋል።