ቡላና ለብ ያለ ውኃ

ሰኞ

ዛሬም ይሸታል። ሣሩን ቀየርኩ፣ ካርቶኑን ቀየርኩ፣ ወለሉን በሳሙና አጠብኩ። ይሸታል። እማ በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ፣ «ይኼ አይጥ እስከ ዓርብ ሽታውን ካልተወ ለድመት ነው የምጥለው» አለች። አይጥ እንዳልሆነ ሺህ ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ በልቤ።

ቡላ ጊኒ ፒግ ነው። ከጥንቸል ያንሳል፣ ጅራት የለውም፣ ሣር በል ነው። ተከራያችን የነበረችው አስተማሪ ወደ ደሴ ስትዛወር ለእኔ ተወችልኝ። መልኩ የአያቴን በሬ ስለሚመስል በበሬው ስም ጠራሁት። አምስት ዓመት አልፎታል፤ ለእነሱ ዘር ሽምግልና ነው ብላኛለች። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የማወራው ከእሱ ጋር ነው። አይስቅብኝም።

ማክሰኞ

ሽታው ከየት እንደሆነ አገኘሁ። ገልብጬ ሳየው ከቂጡ ሥር ያለችው ኪስ መሳይ ነገር ተወጥራለች። ደረቁን በጠጥ ጥቂት ጥቂት ይጥላል፣ ለስላሳው ግን እዚያው ተከማችቷል።

እማ «ድርቀት ነው፣ ተልባ አጠጪው» አለች። መርፌ በሌለው ስሪንጅ አጠጣሁት። ግማሹን ቀሚሴ ላይ ተፋው።

ረቡዕ

ተልባው ምንም አላደረገም። መብላትም ቀንሷል። አስተማሪዋ ጋ ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። የቀረኝ የከብት ክሊኒኩ ነው። እዚያ ደግሞ ሁልጊዜ ወንዶች ናቸው። በወንዶች ፊት «ቂጡ» ልል ነው?

የምለውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ።
ስሙ ቡላ።
ወንድ፣ ያረጀ።
መውጫው ተደፍኗል።
«መውጫው» ይሻላል። አሥር ጊዜ አነበብኩት።

ሐሙስ

ሄድኩ። ቅርጫት ውስጥ፣ በሻርፕ ሸፍኜ። መዝጋቢው ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ድምፄ ጠፋና ወረቀቱን ሰጠሁት። ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ወደ ግቢው አሻግሮ እያየ «በሬሽን የት አሰርሽው?» አለኝ። ግራና ከምትባለው ከተማ እርጉዝ ላም ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌም ተነሥተው አብረው ፈለጉልኝ።

ቅርጫቱን ገለጥኩ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን አልሸሸሁም። ይኼን መጻፍ አለብኝ፤ አልሸሸሁም። «ቡላ ይኼ ነው። ነገ ካልተሻለው እናቴ ትጥልብኛለች» አልኩ። ሁሉም ሰሙኝ።

ሐኪሙ እንዲህ ዓይነት እንስሳ አክሞ አያውቅም፣ ቢሆንም ጓንቱን አጠለቀ። «ሆዱ ደህና ነው እህቴ። በእርጅና ጡንቻው ላልቶ መግፋት አቅቶት ነው» አለ። ለብ ያለ ውኃ፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በሁለት ጣት ከጎንና ከጎን ቀስ አድርጎ መግፋት። ጥቂት ወጣ። የቀረውን እኔ እንድጨርሰው፣ ከዚያም በየቀኑ እንዳየው ነገረኝ። ዳቦ ይቅር፣ ሣርና ድርቆሽ ይብላ አለ። ዳቦውን በውኃ እያራስኩ የማበላው እኔ ነበርኩ። ሽማግሌ ነው፣ ለስላሳ ይብላ ብዬ።

ስወጣ የግራናው ሽማግሌ «አይዞሽ ልጄ፣ እርጅና ነው። እኛም ዘንድ አለ» አሉ። ግቢው እንደገና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ዓርብ

ጠዋት ለብቻዬ ሞከርኩ። ነከሰኝ። እማ ሰግዳ ስትመጣ ቀኑ ደረሰ ብዬ ፈራሁ። ቆማ ስታየኝ ቆየችና «በአንድ እጅ እንዴት ትችይዋለሽ» ብላ አሮጌ ነጠላዋን አመጣች። ጠቅልላ ያዘችልኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ውኃ፣ ዘይት፣ ጣት። ውኃ፣ ዘይት፣ ጣት። ድንገት ሙሉው ወጣ። አውራ ጣቴን ያህላል። እማ ዞር ብላ አየችው። «ወላሂ፣ ይኼን ተሸክሞ ነው የከረመው? ምስኪን» አለች።

አይጥ አላለችም።

ቅዳሜ

ቡላ ድርቆሽ ሲያኝክ እስከ በር ይሰማል። እማ ገብታ አሸተተች፣ አፍንጫዋን ሳትይዝ ወጣች።

ገበያ ላይ የግራናው ሽማግሌ ከሽንኩርት ክምር ማዶ ሆነው «አንቺ ልጅ፣ ቡላ እንዴት ሆነ?» ብለው ተጣሩ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በፊት ቢሆን አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር። «ወጣለት፣ አባባ» አልኩ፣ እስከ ማዶ በሚሰማ ድምፅ። «አልሐምዱሊላህ፣ ላሜም ወለደች» አሉኝ።

ከሰዓት ሳየው ኪሱ ውስጥ እንደገና ትንሽ አለ። ዕድሜ ነው፣ በየቀኑ መሆኑ ነው። ውኃው እየሞቀ ነው። ነጠላውን ልፈልግ ብል እማ ቀድማ ካርቶኑ አጠገብ ሰቅላዋለች።