ምንም የማይወርሱ ሁለት ሰዎች

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ከሃርልስደን ዌምብሊ ስመላለስ ዋልኩ። አንዱ ተሳፋሪ ሳንድዊቹን መኪናዬ ውስጥ ረስቶ ወረደ። የቱና ሳንድዊች ነው። በላሁት።

ማታ እህቴ ቤት ለእራት። ልጇ ዳናዊት ከሥራ መጣች፣ ፊቷ ውጭ ያለውን ሰማይ መስሏል። ዌምብሊ አንድ ትንሽ የሕግ ቢሮ ውስጥ የሰው ኑዛዜና ውርስ ነው የምትሠራው። አሁን የኑዛዜና የአደራ ንብረት ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ ለመግባት አፕላይ አድርጋለች። ፈተናውን አልፋለች። አንድ ነገር ብቻ ቀራት... ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሷ የያዘችውን አንድ ኑዛዜ አለቃዋ አይታ መፈረም አለባት። እስከ ሰኔ መጨረሻ። ካለፈ ለሚመጣው ዓመት።

ታዲያ ያዢያ፣ አልኳት። ቢሮው ደንበኛ አይሰጣትም፤ የራስሽን አምጪ ብለዋታል። «ሐበሻን ደግሞ ኑዛዜ ስለው ልሞት ነው እንዴ ይለኛል። አንዱማ ዶክተሬ ምን ብሎሽ ነው አለኝ። ሲሪየስሊ፣ አጎቴ።»

ለኔ ተይው አልኳት። እህቴ ከወጥ ቤት «ኧረ በፈጠረህ፣ አንተ አትግባበት» አለች። ለምን እንዲህ እንደሚሉኝ አይገባኝም። እንግሊዝኛ ብቻዬን ተማርኩ፣ መኪና ብቻዬን ተማርኩ... ኑዛዜ ያቅተኛል?

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ዊልስደን ካለው ቤተ መጻሕፍት የኑዛዜ ሕግ መጽሐፍ ተዋስኩ። ምዕራፍ አንድን ጨረስኩ። ቀላል ነው። የቀረውን በግምት ደረስኩበት።

ሚያዝያ 25፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ እታለማሁን ዊልስደን ቤታቸው አደረስኳቸው። ባላቸው ጋሽ ሀብተ ማርያም ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። ልጅ የላቸውም። የክርስትና ልጃቸው ባርኮት ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እጃቸው ላይ ነው ያደገችው፤ አሁን ነርስ ናት፣ እዚያው አብራቸው ትኖራለች። ወረቀት ሳይኖር አንድ ነገር ቢሆኑ ባርኮት የሥጋ ዘመድ አይደለችም፤ ከዚያ ቤት ማንኪያ አይደርሳትም። ይህን ስንት ጊዜ ነገርኳቸው! «ክፉ አታናግረኝ» ይላሉ።

ዛሬ ግን ሌላ መንገድ ሞከርኩ። ኂሩት ኑዛዜዋን ጨርሳለች አሉ፣ አልኩ፣ መንገዱን እያየሁ። ውሸት ነው። ግን ከኂሩት ጋር ገና አዲስ አበባ ሳሉ ጀምሮ ይፎካከራሉ። አንዷ መጋረጃ ከለወጠች ሌላዋ ሶፋ ትለውጣለች።

ቀይ መብራት ላይ ቆምን።

«ማን ጻፈላት?»

«ጠበቃ ነው አሉ። ወፍራም ወረቀት ላይ።»

«ወፍራም?»

«እንደ ሠርግ ጥሪ።»

ሲወርዱ የመኪናውን በር ይዘው ቆሙ። «ያቺ የእህትህ ልጅ... ወፍራም ወረቀት አላት?»

ግንቦት 3፣ ሰኞ

ዳናዊት እትዬ እታለማሁ ቤት መጣች። እኔ አስተርጓሚ። ሁለቱም አማርኛ ይችላሉ፣ ግን እንዳልቀር ብዬ ነው።

ቤቱ ለባርኮት። የልብስ ስፌት መኪናው ለኂሩት፤ «እኔ የሰፋሁትን እያየች ትቃጠል» ብለው ነው። አብረዋቸው የሚዘምሩት እናቶች እያንዳንዳቸው አንድ ነገር አላቸው። ለኔ የጋሽ ሀብተ ማርያም አኮርዲዮን! መጫወት አልችልም። መያዝ ግን ያምርብኛል።

ፊርማው ላይ ተጋጨን። ዳናዊት ሁለት ምስክር ከቢሮ ላምጣ ስትል እትዬ እታለማሁ ከመቀመጫቸው ተነሱ። የማያውቃቸው ፈረንጅ ፊት ሊናዘዙ? ሰው የላቸውም እንዴ? በጭራሽ። እግራቸው ስለሚያማቸው ቢሮም አይሄዱም። ዳናዊት እስቲ ላስብበት ብላ ወጣች።

ግንቦት 16፣ እሑድ

ምን ዓይነት ቀን ነው! ዳናዊትን ልገላግላት ወሰንኩ።

ኑዛዜውን ሰጥታኝ ነበር፣ እትዬ ደግመው እንዲያነቡት። ሳልመጣ ማንም እንዳይፈርም ብላለች። ግን ልጅቷ ደክማለች... ተጠናቆ ቢደርሳት? ደግሞ ሁለት ምስክር ምንድነው? የሙት ልጅ ኑዛዜ ይመስል! አገር ቤት አይቻለሁ። ሽማግሌ ተሰብስቦ ይቀመጣል፣ ተናዛዡ ይናገራል፣ ሰምቶ ባዶ እጁን የሚወጣ የለም። ነውር ነው። ስለዚህ ኑዛዜው ላይ ስማቸው ያለውን ሁሉ ሰብስቤ አመጣሁ። ማነው ከነሱ የበለጠ የሚያገባው?

ኂሩት መነጽሯን ለውጣ ፈረመች። እናቶች እልል እያሉ ፈረሙ። እኔ በትልቁ ፈረምኩ። ባርኮት ሻይ ይዛ ስትገባ፣ አንቺማ ዋናዋ ነሽ፣ ከላይ ፈርሚ አልኳት። ከላይ ፈረመች። እትዬ እታለማሁ አለቀሱ። እኔም ትንሽ።

ግንቦት 17፣ ሰኞ

ወረቀቱን ለዳናዊት ሰጠኋት። እስክትስቅ ጠበቅኩ።

«አጎቴ... እነዚህ እነማን ናቸው?»

በኩራት ዘረዘርኩላት። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሰው የሚወርስበትን ኑዛዜ በምስክርነት ከፈረመ ኑዛዜው አይፈርስም፤ የሱ ድርሻ ግን ይቀራል። ኂሩት የስፌት መኪናው የለም። እናቶች የለም። እኔ አኮርዲዮኑ የለም። ይሁን ብያለሁ...

«ቤቱስ?» አልኳት።

«ቤቱም።»

ባርኮት። ከላይ የፈረመችው።

ሌላ ጽፈን እንደገና በትክክል ይፈረማል አለች። ይቻላል። ግን ሰኔ ደርሷል። አለቃዋ ይህንን ካየች ዳናዊት ያንን ማኅበር በመስኮት ነው የምታየው። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ማታ መጽሐፉን ገለጥኩ። ምዕራፍ ሁለት፣ የመጀመሪያው ገጽ።

ግንቦት 18፣ ማክሰኞ

እትዬ እታለማሁን ነገርኳቸው። ባርኮትን አላሉም፣ ኂሩትን አላሉም። የገረማቸው ሌላ ነው። «ታዲያ ፈረንጅ ሰው ጠርቶ ባዶውን ነው የሚሸኘው?»

ነው። ሕጉ እሱ ነው። አሁን ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ የሚያውቋቸው፣ የሚያምኗቸው፣ ምንም የማይሰጧቸው። ማን አለ?

ግንቦት 22፣ ቅዳሜ

ሬድዋን ጋ ሄድኩ፣ ሃርልስደን፣ ሥጋ ቤቱ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢያማቸውም እትዬ ከሱ ሌላ ሥጋ አይገዙም። ምስክር ሁን አልኩት። ደስ አለው። ደንቡን ስነግረው ቢላውን አስቀመጠ።

«ምንም አልተወችልኝም ማለት ነው?»

እሱ አይደለም ቁም ነገሩ አልኩት።

«ስንት ዓመት ጎድን እየመረጥኩላት... ፈርም ነው የምትለው? ጨርሶ እንደማታስበኝ በፊርማዬ ላረጋግጥ?»

አጥንቱን እንዴት እንደመታው! ለእትዬ ስነግራቸው ደነገጡ። ሬድዋን ተቀይሞ? ትልቁን ድስት ጻፉለት አሉ። እንግዲህ ሬድዋንም ምስክር መሆን አይችልም።

ግንቦት 29፣ ቅዳሜ

ጎረቤታቸውን ጠየቅኩ። ተቀየመች። መደርደሪያ ተጻፈላት። ፀጉር የምትሠራቸውን ጠየቅኩ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ምንጣፍ ተጻፈላት። ኑዛዜው ወፈረ፣ ምስክር ግን የለም። ዳናዊት ለአራተኛ ጊዜ ፕሪንት አድርጋለች። «እባክህ ሌላ ሰው አትጠይቅ» አለችኝ። «ቤቱ ውስጥ የቀረ ዕቃ የለም።»

ኂሩት ደግሞ ዛሬ ለዳናዊት ደውላ ቀጠሮ ያዘች። ያልጻፈችውን ኑዛዜ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲላት ጊዜ መጻፍ ግድ ሆነባት። ማን እንዳስወራ አልታወቀም።

ሰኔ 3፣ ረቡዕ

አንዱ እኔ ነኝ። ዳናዊት አኮርዲዮኑን ከኑዛዜው ሰረዘች። ብዕሩ ሲያልፍበት ድምፅ ያወጣ መሰለኝ።

ሁለተኛውን እትዬ ራሳቸው አገኙት። ድንች እየላጡ ቆይተው፣ «ምንም የማልሰጠው ሰው ነው የሚፈለገው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንደ አምሃ ምንም የማልሰጠው የለም።»

አምሃ ከግድግዳቸው ወዲያ ነው የሚኖረው። የጋሽ ሀብተ ማርያም ወዳጅ ነበር። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ጊዜ እሱ አንዱን ደገፈ፣ እሳቸው ሌላውን፤ በጓሮው አጥር ላይ ተሰዳደቡ፣ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። አንዳቸውም ድምፅ አልሰጡም እኮ! ሁለቱም ያን ቀን እዚሁ ዊልስደን ነበሩ።

አምሃ ጋ አንኳኳሁ። እንደማይወርስ በፊርማው ያረጋግጣል ስለው ቀና አለ። «ከዚያች ሴትዮ ምንም እንደማልወስድ በሕግ ይጻፋል?»

ይጻፋል።

«ኮፒ ይሰጡኛል?»

ሰኔ 7፣ እሑድ

ዛሬ ሆነ። እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

አምሃ ከረባት አስሮ መጣ። ዳናዊት ሁሉም በአንድ ክፍል መሆን አለበት፣ እየተያያችሁ ነው የምትፈርሙት አለች። ተቀመጡ። ሁለቱም እኔን ያዩኛል።

«እዚያ ነፋስ ይገባል፣ ወዲህ ይቀመጥ በለው» አሉ እትዬ።

«ይመቸኛል በላት።»

«ጉልበቱን እንደሚያመው አውቃለሁ በለው።»

ከዚያ ለኔ ሳይሆን ለምንጣፉ፣ «ሀብተ ማርያም ነበር ቅባት የሚያመጣልኝ» አለ።

እትዬ እታለማሁ መሐረባቸውን አወጡ። ወየው አልኩ በሆዴ... ከዚያም የፈራሁት መጣ። ወደ ዳናዊት ዞረው፣ «ልጄ፣ የባለቤቴን የእጅ ሰዓት ለአምሃ...»

የዳናዊት ፊት አመድ መሰለ። ሰዓቱ ከተጻፈ አምሃ አይፈርምም። አምሃ ካልፈረመ ማን አለ? ማንም። ማኅበሩም የለም፣ የባርኮትም ቤት የለም። ምን ላድርግ? ያለኝን አደረግኩ።

«ለመሆኑ በዘጠና ሰባት ማን ነበር ያሸነፈው?» አልኩ።

ዳናዊት እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም። ክፍሉ ተነሳ! አምሃ በጣቱ ጠረጴዛውን፣ እትዬ በመሐረባቸው አየሩን። ያኔ አጥሩ ላይ የተባባሉት ሁሉ አንድ ሳይቀር ተደገመ። መሃል ላይ ብዕሩን ለእትዬ አቀበልኳቸው። «ለዚህ ሰው? ሰዓት?» እያሉ ፈረሙ። አምሃ «ብትሰጠኝም አላስረውም» እያለ ፈረመ። እኔ በትንሹ ፈረምኩ። ዳናዊት ወረቀቱን እንደ ሕፃን አቅፋ ተነሳች።

ሁለቱም ያለከልካሉ። ባርኮት ውኃ አመጣችላቸው።

አምሃ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። በቀጥታ ለሳቸው፣ «ነገ የቆሻሻ ቢን የሚወጣበት ቀን ነው። ያንቺንም አወጣዋለሁ።»

«ሰማያዊውን ነው» አሉት።

ሰኔ 24፣ ረቡዕ

አለቃዋ አየችው። ፈረመች። ለምን ይህን ያህል እንደወፈረ ብቻ ጠይቃለች አሉ።

ሐምሌ 14፣ ማክሰኞ

ገባች! ኢሜይሉን በስልክ አነበበችልኝ፣ ሁለቴ። ተሳፋሪዬ ለምን እንደምዘፍን ጠየቀኝ። ስነግረው ኑዛዜ እንደሌለው አመነ። ካርዷን ሰጠሁት።

ሐምሌ 21፣ ማክሰኞ

ዳናዊት ቢሮ ሄድኩ። እንደ ደንበኛ፣ ቀጠሮ ይዤ። ስንቱን ሰው ገፍቼ የራሴን... እውነቱን ለራሴ ልጻፈውና፣ ፈርቼ ነበር። ቀልዱ ሁሉ ለዚያ ይሆን እንዴ?

«አቶ ዘውዴ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። ሳቅሁ። አልሳቀችም። ግድግዳው ላይ የማኅበሩ ሰርተፊኬት በመስታወት ተሰቅሏል።

ያለኝን አስቆጠረችኝ። ብዙ አይደለም። ለማን ስትለኝ ጀመርኩ... መኪናው ለሬድዋን፣ የሱ ቆሟልና። ካፖርቴ ለአምሃ፣ ቢሰፋውም። ለኂሩት ቴሌቪዥኑ፣ ውሸቴን ባታውቅም። እትዬ እታለማሁ ከኔ በፊት ያልፋሉ ብዬ አልጻፍም፤ ማሞቂያው ለሳቸው። ባርኮት። እህቴ። ለራሷ ለዳናዊት መጻሕፍቴ በሙሉ። እስክትጨርስ እጇ ዛለ።

«አጎቴ፣ አሁን ምንም የማትሰጠውን ሰው ንገረኝ። ሁለት ብቻ። ለምስክርነት።»

አሰብኩ። ጣሪያውን አየሁ። ሃርልስደንን በሙሉ በልቤ ዞርኩ፣ ዌምብሊ ደርሼ ተመለስኩ። ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ ቀልድ ይመጣልኛል። አልመጣም።

«የለም» አልኳት።

ከዚያ ከቢሮው ሁለት ሰው እጠራለሁ አለች። እኔ እንደ እትዬ አይደለሁም፣ ፈረንጅ ይሁን አልኩ። አንደኛዋ ገባች፤ ጠና ያለች ጃማይካዊት፣ በመምጫዋ ሻይ ይዛልኛለች፣ ስኳሩ እንዳያንስብኝ ሁለት ጨምራ። ከውጭ ነው የመጣችው። ፀጉሯ በዝናብ ርሷል፤ ጃንጥላ የላትም መሰለኝ። ያ የማይገለበጠው ጥቁር ጃንጥላዬ...

ዳናዊት ከወረቀቱ ቀና ብላ ዓይኔን አየችው።

«አጎቴ። እንዳታስበው።»