ብቻውን ሲሆን የሚደርቀው ኮምፒውተር

ጥር 6፣ ዓርብ
ተነሳልኝ! የሆስፒታሉን የደም ማቀዝቀዣ የሚጠብቀው ኮምፒውተር በራሴ ከርነል ተነሳ። ከርነሉን፣ ማለት የሲስተሙን እምብርት፣ ከነምንጭ ኮዱ አውርጄ፣ የማያስፈልገውን ቆርጬ ጥዬ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገነባሁት። የድሮው ከርነል አዲሱን የሙቀት መለኪያ አላውቀውም ብሎ ነበር። አለቃዬ፣ ቶሎቶሎ የምንለው፣ "ሰኞ ሥራ ይጀምራል አይደል?" አለኝ። እንዴታ፣ አልኩት። ይቺ ምላሴ!

ጥር 9፣ ሰኞ
ደረቀ። ስክሪኑ እንደበራ ሰዓቱ 4፡10 ላይ ቀጥ። ማውስ የለ፣ ኪቦርድ የለ። አጥፍቼ አስነሳሁት። ምሳ በልቼ ስመለስ ደግሞ ደርቋል። ሎጉን፣ ሥራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ አየሁ... የስህተት ምልክት እንኳ የለም። "ሙቀት 4 ዲግሪ፣ ደህና" ይላል የመጨረሻው መስመር። ከዚያ ባዶ።

ቶሎቶሎ በበሩ ብቅ ብሎ "የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ" አለኝ። ይህን የሚለው እሱ ነው እንግዲህ! እስኪስተካከል ነርሷ ሙቀቱን በየሰዓቱ በእጇ ትመዘግባለች። ስታየኝ ትገላምጠኛለች፣ እውነቷን ነው።

ጥር 10
ሜሞሪውን ፈተሽኩ፣ ደህና ነው። ማራገቢያውን ጠረግኩ። በድሮው ከርነል ሳስነሳው ቀኑን ሙሉ ሠራ። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር... አጠገቡ ሆኜ ስነካካው አይደርቅም። ትቼው ስወጣ ነው። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ደረቀ።

አባባም ሲሞት ብቻውን ነበር። ይኸው፣ ጻፍኩት። ከክፍሉ የወጣሁት አሥር ደቂቃ ነው። ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ግን "እጁን ይዤ ነበር" አልኳት። ይባስ ብዬ "አልተቀየምኳትም፣ ልጄ ናት በያት ብሎ ነው ያረፈው" አልኳት። ያገባችው ሰው አልጣመውም ብሎ ስድስት ዓመት ተኳርፈው ነበር። ለቀብር ደርሳ መሬት ላይ ስትንከባለል አንጀቴን በላችው። ምን ላድርግ?

ጥር 11
እትዬ ደወለች። የመቃብሩን ድንጋይ አዛለች። "ያቺን ቃሉን ላስቀርጻት ነው። እስቲ ቃል በቃል ድገሚልኝ፣ ቀራጩ ዓርብ ይጀምራል።" ደገምኩላት! አልታነቅኩም፣ አልተንተባተብኩም። "ያቺ ቃል ባትኖር እብድ ነበር" አለችኝ።

ከሰዓት ኮምፒውተሩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በገመድ አያያዝኩት፣ ሲደርቅ የመጨረሻ ቃሉን እንዲያቀብለው። ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። የአባባን ሳል ሰማሁ... ማራገቢያው ነው። ስመለስ ደርቋል። ወዲያኛው ኮምፒውተር ላይ የደረሰው "ሙቀት 4 ዲግሪ፣ ደህና" ብቻ። ምን እንዲል ጠብቄ ነበር?

ቶሎቶሎ "ምክንያቱን የሆነ ነገር ብለሽ ጻፊና ስጪኝ" አለኝ። በመፍጠርማ ማን ይችለኛል! ግን "አላወቅኩም" ብዬ ጽፌ ሰጠሁት።

ጥር 12
ተገኘ! ፕሮሰሰሩ ማንም ሳይነካካው ሥራ ሲያጣ ይተኛል። ስገነባው፣ ኃይል ይቆጥብ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ጥልቅ እንቅልፍ ድረስ ፈቅጄለት ነበር። ይህ አሮጌ ማሽን ከዚያ መንቃት አይችልም። ከልክዬ እንደገና ገነባሁት። በሩን ዘግቼ ሦስት ሰዓት ጠፋሁ። ስመለስ እየሠራ ነው። ነርሷ አጨበጨበችልኝ። ደስታው ግን የት ገባ?

ነገ ዓርብ ነው።

ጥር 13
ቀራጩ ሳይጀምር ደወልኩላት። "እትዬ፣ ሲሞት አጠገቡ አልነበርኩም። ያ ቃል የእሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።" "ስሙ ብቻ ይጻፋላ" አለችና ዘጋችው።

ጥር 20
ኮምፒውተሩ አንዴም አልደረቀም። እትዬ ስልክ አታነሳም።

ጥር 28
እትዬ ቤቴ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ፣ "የእውነቱን ንገሪኝ። መጨረሻ ላይ ምን አለሽ?"

"'ይሄ ሾርባ ጨው የለውም' አለኝ። ጨው ላመጣ ወጣሁ።"

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። "እሱማ እሱ ነው! እስከ መጨረሻው ምግብ ሲያማርር!" እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

"ያን ቀን... ስሜን አላነሳም?"

"አላነሳም፣ እትዬ።"

ያኔ ነው ያለቀሰችው፣ ለቀብሩ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬ ጠራ፣ ቶሎቶሎ ነበር። ይጥራ። እሷ ሳትጨርስ አልተነሳሁም።