አረንጓዴ ያልኩት ሻል

አንክሌሽዋር፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1998

ለምወድሽ ልጄ ለኬትኪ፣

ይህ ደብዳቤ ሌስተር ሲደርስ ብርዱ ገብቶ ያገኝሻል ብዬ እገምታለሁ፤ ሹራብ ደርበሽ አንብቢው። እኔና እናትሽ ደህና ነን። ስለላክሽልኝ ሻል በኋላ የምነግርሽ አለኝ፤ መጀመሪያ ግን ልቤን የከበደኝን ልናገር።

ባለፈው ወር ፋብሪካችን የሠራው አንድ ሙሉ ዙር አረንጓዴ ቀለም ከደንበኛ ተመለሰብን። ወደ ሰማያዊ ያደላል ተባለ። መቼም አንቺ የትራስ ልብሴ አረንጓዴ ሲሆን እያየሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ ሥራውን ታውቂዋለሽ። ሰማያዊው ዱቄት በጋለው ማቅለጫ ውስጥ ክሎሪን እየጠጣ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ይሆናል። ክሎሪኑ ቀድሞ ከተዘጋ ሰማያዊነቱ አይለቀውም። ቫልቩን የሚዘጋው ኢሽዋር ቫሳቫ ነው፤ ዝጋ የምለው ግን እኔ ነኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የሠራነው። እሱ በብረት ዘንግ ናሙና ያወጣል፤ ታጥቦ ሲደርቅ እኔ መስታወት ላይ በቢላ ከዘይት ጋር አሽቼ፣ በሰሜኑ መስኮት ብርሃን ከዋናው ናሙና ጎን አየዋለሁ።

የዚያን ቀን ኢሽዋር እንደ አጎቱ እየጠራኝ፣ "ራምኒክ ካካ፣ አንድ ሰዓት ብንጨምርለትስ? ሰማያዊው ገና አልወጣለትም" አለኝ። አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቀለም አዋቂ የሆንከው ብዬ አሾፍኩበት። ዝጋው አልኩት፤ ዘጋው።

ቀለሙ ሲመለስ የፋብሪካው ባለቤት ሼት ጂቫንላል ሰብስበውን፣ ክሎሪኑን የዘጋው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ኢሽዋር "እኔ ነኝ" አለ። በማን ቃል እንደዘጋው አልተናገረም። አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ እኔም አልተናገርኩም። ከማቅለጫው አንስተው ከረጢት ሞይ አደረጉት። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ ሰላም ስለው፣ ከነአቧራው ቀና ብሎ እንደወትሮው ይመልስልኝ ነበር። አፍሬያለሁ ልጄ። ዓይኔን ጠርጥሬው ነበር፤ ግን ሰው እንጀራ የሚበላበትን ነገር መጠርጠር ቀላል አይደለም።

ሐሙስ የዳሸራ በዓል ነበር። እንደ ደንቡ ማሽኖቹ ታጥበው ቢጫ አበባ ተንጠልጥሎባቸው፣ እያንዳንዱ ሰው የሚሠራበትን ዕቃ ቀይ ዱቄት ይቀባ ነበር። እኔም ቢላዬንና መስታወቴን ልቀባ ስል ኢሽዋር ሳህኑን ይዞ መጣ። ጣቱን ነከረና ቢላዬን አልፎ ግንባሬን፣ በሁለቱ ዓይኖቼ መሃል ቀባኝ።

"የእርስዎ ዕቃ ይሄ ነው ካካ" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይታከሙ። እኔ ለማንም አልናገርም።"

ለካስ ሁሉንም ያውቅ ኖሯል። የጀመርኩትን የበዓሉን ጣፋጭ ጃሌቢ አስቀመጥኩት። በቀጥታ ወደ ሼት ሄድኩና ዝጋው ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ኢሽዋር ይቆይ ብሎ እንደነበር፣ ዓይኔም ሰማያዊን መለየት እንደተወ ነገርኳቸው። እሳቸውም ኢሽዋር በማግስቱ ወደ ማቅለጫው እንዲመለስ አዘዙ። እኔን ግን፣ እስክድን ቀለሙን የላቦራቶሪው ማሽን ይመርምረው፣ የኋላውን ያኔ እንነጋገራለን አሉኝ። ሲሸኙኝ እስከ በሩ ድረስ መጡ፤ እንዲህ አድርገውልኝ አያውቁም፤ አልወደድኩትም።

ትናንት የዓይን ሐኪሙ ሞራ ነው አለኝ። ሞራው ቢጫ ስለሆነ ሰማያዊውን ይውጥብኛል።

አሁን ወደ ሻሉ ልምጣ። ከደረሰኝ ጀምሮ ለፋብሪካው ሰው ሁሉ ልጄ አረንጓዴ ሻል ላከችልኝ፣ የአባቷን ሥራ አልረሳችም እያልኩ ስኩራራ ከረምኩ። ኢሽዋር የነቃብኝ እዚያ ላይ ይመስለኛል። በስልክ ስለ አረንጓዴው ሻል ሳመሰግንሽ አንቺም ትንሽ ዝም ብለሽ ነበር፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ትናንት ከሐኪም ስንመለስ እናትሽን የሻሉን ቀለም ጠየቅኋት። ልብስ ማጠፏን ሳታቆም "ሰማያዊ ነው" አለችኝ።

"ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዲህ ደስ ብሎዎት አይቼ አላውቅማ፣ የኬትኪ አባት።"

የዲዋሊ በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ሮብ፣ ቀኝ ዓይኔን ይሠሩልኛል። ትኬት እንዳትቆርጪ፤ ትንሽ ነገር ነው። ሻሉን አልጋዬ አጠገብ እንድታስቀምጠው ለእናትሽ ነግሬያታለሁ፤ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሰማያዊ ከሆነልኝ ወደ መስኮቴ እመለሳለሁ። አረንጓዴ ሆኖ ከቀረም ያንቺ ሻል ነው፤ ለብሼው ቤቴ እቀመጣለሁ።

የረገጥሽው ይለምልምልሽ፣ የያዝሽው ይባረክልሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

አባትሽ ራምኒክ

ዓይኔን የሚሠሩልኝ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው፤ እናንተ ዘንድ ገና አልነጋም። ካልከበደሽ ግን፣ ያን ጊዜ ነቅተሽ ጠብቂኝ።