ሃይብሪድ ልግዛ ወይስ ቤንዚን? ከአጭሩ ሰልፍ ጭራ የተጻፈ

ለተከበሩ የከተማችን የቤንዚን ተራ አስከባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ነገሌ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ናጋ ነው ወይ፣ ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ የመኪናዎ ጎማ ሳይቀር ደህና ነው ወይ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብቻ ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ፣ ከተነሳሁበት ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ የጀመርኩት መኪና ሳይኖረኝ ሰልፉን ላይ መጥቼ፣ ጭራው ላይ ቆሜ ነው። ለዚህ ያበቃኝ የኮሚቴዎ ማስታወቂያ ስለሆነ፣ ምክሩም ከዚያው ይገኛል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ።

ሸዋንግዛው እባላለሁ፤ እዚሁ ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ረሆቦት ልቧን ስለሚያማት በየወሩ ሐዋሳ ሐኪም ዘንድ ትቀርባለች። አውቶቡሱ እስኪሞላ መጠበቁ፣ በየኬላው መውረዱ፣ የቦሬ ብርድና ጉም ተደማምሮ ልጄ ሐኪሙ ፊት የምትደርሰው ትንፋሽ አጥሯት ነው። ባለፈው ወር ሐኪሙ መንገዱ ልጅቷን እየጎዳት መሆኑን ነግሮን፣ እንደምንም ብላችሁ ተኝታ የምትሄድበት መኪና ፈልጉላት አለን። እኔና ባለቤቴ ጉያቱ ያለንን ሸጥን፣ አማቴ ኦቦ ዱባም ዱብሉቅ ካለው መንጋቸው ላይ ጨመሩልንና አንድ ያገለገለ የቤተሰብ መኪና ልንገዛ ቆረጥን። ሁለት መኪኖች ቀርበውልናል፤ አንደኛዋ ቤንዚን ብቻ የምትጠጣ ናት፣ ሁለተኛዋ ሥራውን ለቤንዚንና ለባትሪ የምታካፍል ሃይብሪድ። ሁለቱም ሻጮች ከዓርብ በላይ አንጠብቅም ብለዋል፤ የረሆቦት ቀጠሮ ደግሞ ሰኞ ነው።

ምርጫው ያለ እርስዎ እርዳታም ቀላል አልነበረም። ጉያቱ ሃይብሪዷን ትላለች፤ ከቦሬ ቁልቁል ስንወርድ ፍሬኑ ራሱ ባትሪውን ይሞላል፣ ማደያው በደረቀ ቀን በጥቂት ቤንዚን ሐዋሳ እንደርሳለን ባይ ናት። አማቴ የቤንዚኗን ይላሉ፤ ሃይብሪድ ቀስ ስትል ድምፅ የላትም፣ ድምፅ የሌላት መኪና ደግሞ ግመል ከመንገድ አታስነሳም፤ «ግመል ያልሰማው ነገር መጣ አይባልም» ብለው ተነስተው ሄደዋል። እኔ ባትሪው ቢታመም ነገሌ ውስጥ ማን ያክመዋል እያልኩ ወደ አማቴ አዘነብላለሁ፣ የማደያውን ሰልፍ ሳይ ደግሞ ወደ ባለቤቴ እመለሳለሁ።

ይህ ሁሉ ክርክር ባለበት ሰዓት ነው እንግዲህ ሃይብሪድ መኪኖች ቤንዚን ስለሚቆጥቡ ለብቻቸው በአጭር ሰልፍ፣ ከሌሎች ቀድመው ይቅዱ የሚለው ማስታወቂያዎ የተለጠፈው። ጉያቱ ተገላገልን አለች፣ እኔም አመንኳት። ስለዚህ ከምስጋናዬ ጋር ጥቂት ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሃይብሪድነት ከመኪናው ኋላ በሚለጠፈው ምልክት እንዲታወቅ በመወሰንዎ፣ ሞተር ከፍቶ የማየትን ድካም ስላስቀሩልን እጅ እንነሳለን። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚለውን ያባቶች አባባል በመመሪያ ደረጃ ያጸደቀ ኮሚቴ ከዚህ በፊት አላየሁም። የመለዋወጫ ነጋዴው ዓብዱልባሲጥ ምስጋናው ከእኔም ይበልጣል፤ ከሞያሌ ያስመጣው አንድ ካርቶን ምልክት በግማሽ ቀን አልቆበት ሌላ አዝዟል። ዛሬ ባጃጁ ሁሉ ሃይብሪድ ነው፤ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጠው የጎረቤቴ ፒካፕ፣ ያ ለመነሳት ሰው የሚገፋው፣ እሱም ሃይብሪድ ሆኗል። ዘመናዊነት እንዲህ በአንድ ሳምንት ጓዙን ጠቅልሎ የገባበት ሌላ ከተማ ካለ ይንገሩኝ።

ሁለተኛ፣ አጭሩ ሰልፍ ከረጅሙ ረዝሟል። ስሙ ግን ስላልተለወጠ አስተናባሪው ዛሬም አጭሩ ሰልፍ በዚህ በኩል ነው እያለ የማደያውን አጥር ዞሮ መስጊዱ ድረስ የሚሄደውን ጭራ በትህትና ያሳየናል። በረጅሙ ሰልፍ የቀሩት ያልሆንነውን ነን አንልም ያሉ ሦስት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ የሥራ ባልደረባዬ መምህርት ቀድሪያ አንዷ ናት። ቅድሚያ ለአጭሩ ሰልፍ ነውና ተራቸው እስካሁን አልደረሰም። ከፊታቸው ማንም የለም።

ሦስተኛ፣ ለእኛ ለሽያጭ ከቀረበችው በቀር እስካሁን በከተማችን አንዲት እውነተኛ ሃይብሪድ ብቻ ነበረች፤ ነርስ የሆነችው የፋይዳ መኪና። እሷ ከአጭሩ ሰልፍ ተባራለች። ፋብሪካው የለጠፈላት ምልክት ትንሽና የደበዘዘ ስለሆነ፣ ዓብዱልባሲጥ ከሚሸጠው ትልቅ አረንጓዴ ጋር ስላልተመሳሰለ፣ አስተናባሪው ሐሰተኛ ነው ብሎ መለሳት። ፋይዳም ቢቸግራት ሄዳ አረንጓዴውን ገዛችና ሃይብሪዷን ሃይብሪድ አስመስላ ተመለሰች። ለኮሚቴዎ ጥንቃቄ ያለኝን አድናቆት ከዚህ በላይ መግለጽ አልችልም።

አራተኛውን ባለቤቴ አንብባ ስለሰረዘችው ወደ አምስተኛው አልፋለሁ።

አምስተኛ፣ አማቴ ይህን ሁሉ ሲሰሙ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል። በዱብሉቅ ጉድጓዶች የውሃ ተራ የሚያስከብር ሰው አለ፤ አባ ሄሬጋ ይሉታል፤ እሱም ከጉድጓዱ አፍ ሳይርቅ የማን መንጋ መቼ እንደሚጠጣ ይለያል። የእናንተ አባ ሄሬጋ ማደያው ጋ የሚቆመው መቼ ነው አሉኝ። ሰብሳቢያችን ስብሰባ ላይ ናቸው አልኳቸው።

ክቡር ሆይ፣ ሹፈቱን ለአፍታ ልተወውና እውነቱን ልንገርዎ፤ ፈርቻለሁ። ሃይብሪዷን ብገዛ ከባጃጆች ኋላ ተሰልፌ ቀጠሮው ሊያልፍብን ይችላል። የቤንዚኗን ገዝቼ አረንጓዴውን ምልክት ብለጥፍባት ደግሞ ልጄ ከኋላ ወንበር ከመግባቷ በፊት ታነበዋለች፤ ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ምንም ባልገዛ ሰኞ ንጋት ላይ በጋቢ ጠቅልዬ እንደገና አውቶቡስ ላይ አወጣታለሁ፤ ደረቷ ውስጥ ያለውን ድምፅ እየሰማሁ ሙሉ ቀን እጓዛለሁ። ይህን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው እንቅልፍ አይኖረውም፣ እኔም የለኝም። የምለምንዎ ቅድሚያ አይደለም። ሰልፉ ሰልፍ እንዲሆን ብቻ ነው፣ መቼ እንደሚደርሰኝ አውቄ ልጄን እንድወስዳት።

በሥራ ብዛት ማደያውን ለማየት ያልታደሉትን ዓይኖችዎን አምላክ ይጠብቅልን፤ ወንበርዎን ያጽናልን፤ ታንከርዎም ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን እያልኩ፣ ከማይነቃነቀው ሰልፍ ጭራ የማይነቃነቅ አክብሮቴን የማቀርብልዎ፣

ታዛዥዎ ሸዋንግዛው፣ የረሆቦት አባት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ትናንት ሲመሻሽ፣ የእርስዎ ሹፌር ሁለት ጀሪካን ቤንዚን ይዞ በሬን አንኳኳ። ልጅ ታሞብሃል ሲሉ ሰምቼ ነው ብሎ በማደያው ዋጋ እጥፍ አቀረበልኝ፤ ከሰብሳቢው ጓሮ ስለሆነ ውሃ አልተቀላቀለበትም ብሎም አረጋገጠልኝ። የትኛዋን መኪና ልግዛ ብዬ ባማክረው ብዙ የምትጠጣዋን እንድገዛ ከልቡ መከረኝ። ከኮሚቴዎ በኩል ያገኘሁት ብቸኛው ግልጽ መልስ ይህ ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ። ዓርብ ሃይብሪዷን እገዛለሁ፤ ልጄን ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ከጓሮዎ መግዛቴ ካልቀረ፣ ትንሽ ልግዛ።